በቅሎ ትቀዝፋለች፣ አሣ ይኖራል

ከባለቤቴ ከይመር ጋር የሠራነው የመጨረሻው ተራ ሥራ ከበርሜል ውስጥ እንቁራሪት ማውጣት ነበር።

የነሐሴ ጠዋት ነው። መካነ ሰላም እንደ ልማዷ ጉም ውስጥ ናት። ከጣሪያችን የሚወርደውን ውሃ የምናጠራቅምበት በርሜል ሌሊቱን ሞልቶ ሲፈስ አድሯል። ጆግ ይዤ ልቀዳ ስወጣ አንዲት እንቁራሪት የበርሜሉን ዙሪያ ይዛ ትዞራለች። ባለቤቴ ሁልጊዜ እንዲህ ላሉት መውጫ ብሎ በርሜሉ ውስጥ ዘንበል አድርጎ የሚያቆማት የወይራ እንጨት ነበረችው። ውሃው አንስቶ ሜዳ ላይ ጥሏታል። ጠራሁት። ጋቢውን እንደተከናነበ፣ የጫማውን ክር ሳያስር ወጣ።

«አየሻት እንዴት እንደምትረግጥ?» አለኝ፣ አንገቱን ወደ በርሜሉ አስግጎ።

«አትረግጥም፤ ትወረወራለች» አልኩት።

«ወላሂ ትረግጣለች! ይኸው እግሯን እይ።»

«እግሯን ተወውና ሰውነቷን እይ። ትወረወራለች።»

«ይህን ሁሉ ዘመን ተሳስተሽ አይሰለችሽም፣ የሺዬ?»

በመዳፉ ጨልፎ አወጣትና ሳሩ ላይ አስቀመጣት። ትንሽ ቆይታ ዘላ ጠፋች። እንጨቷን መልሶ በቦታዋ አቆመ። ከዚያ ሳለ። ሳሉን ሰምቻለሁ፤ ብርድ ነው ብለን ሻይ አፈላሁለት። ከዚያ ጠዋት በኋላ አብረን የሠራነው ነገር ሁሉ የበሽታ ሥራ ነው፤ መድኃኒት መስጠት፣ ትራስ ማስተካከል፣ መኪና መለመን። ስለዚህ እኔ የምቆጥረው እንቁራሪቷን ነው።

ይህ የመርገጥና የመወርወር ክርክር ከየት እንደመጣ ልጆቻችን እንኳ በደንብ አያውቁትም። የእናትና የአባት ቀልድ ይመስላቸዋል። ከወለቃ ወንዝ ነው የመጣው። አሁን የሚነግራቸው አንድ ሰው ብቻ ስለቀረ እኔ ልጻፈው።

ልጅ እያለሁ ክረምቱን የማሳልፈው ከወለቃ ማዶ፣ ቆላ ካለችው አክስቴ ዘንድ ነበር። ትምህርት ቤት እንደተዘጋ፣ ውሃው ሳይሞላ አባቴ ያደርሰኛል፤ አዲስ ዓመት ሲቃረብ በሬ ሊገዛ ሲወርድ ይዞኝ ይመለሳል። የቆላው ክረምት ከእኛ ደጋ ክረምት ይለያል። እኛ ዘንድ ዝናብ ማለት ብርድ ነው፤ እዚያ ግን ዝናቡ ሲያባራ መሬቱ ይተነፍሳል። የተጠበሰ የበቆሎ እሸት፣ የፍየል በረት፣ ፀሐይ የነካው ጭቃ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የወንዙ የራሱ ሽታ ነበር። ደለል፣ የበሰበሰ ቅጠል፣ የራሰ የከብት ጠጉር። ዓይኔን ጨፍኜ ብመጣ እንኳ መልካው መድረሳችንን በአፍንጫዬ አውቅ ነበር።

መልካ የምንለው ሰውና ከብት የሚሻገርበትን ቦታ ነው። የዚያ መልካ ሹም አባ ሁሴን የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ማንም አልሾማቸውም፤ አባታቸውም አያታቸውም እዚያው ያሻግሩ ስለነበር ነው። ልጆቻቸው ዋናተኞች ናቸው። ዕቃውንና ሕፃናቱን በተነፋ አቁማዳ ላይ አድርገው ያሻግራሉ፤ ከብቱ ደግሞ ጭነቱ ተራግፎለት በራሱ ጉልበት ይሻገራል። አባ ሁሴን ዳር ላይ ቆመው ውሃውን ያያሉ፤ ጊዜው ነው ሲሉ ይገባል፤ ይቆይ ሲሉ ይቆያል።

መልካው የራሱ ቋንቋ ነበረው። እዚያ ይዋኛል የሚባለው ሰው ብቻ ነው። በሬ ይገፋል፤ ውሃውን በደረቱ እየገፋ ነውና የሚሄደው። በቅሎ ትቀዝፋለች። ውሻ ይቧጥጣል፣ ፍየል ይፍጨረጨራል። እባብ ውሃ ላይ ይጽፋል። ይብራ፣ ማለት ዳክዬ፣ ይቀመጣል፤ እግሩ ከሥር ሲሠራ ማን አየው? አህያ ደግሞ ትለምናለች፤ ጆሮዋ ውሃ እንዳይገባ አፍንጫዋን ወደ ሰማይ ቀስራ ስትሻገር ያየ ሰው ለምን እንደተባለ አይጠይቅም። አሣን ግን አባ ሁሴንን ጠይቄያቸው ነበር። «አሣ ደግሞ ምን ይዋኛል ልጄ፤ ይኖራል እንጂ» አሉኝ።

ከብቱ ውሃው ውስጥ ሲገባ ዳር የቆመው ሰው ሁሉ በየቃሉ ይጮህለታል። ገፋ! ገፋ! ቀዘፈች! እንስሳው ቃሉን ያውቀዋል ይሉ ነበር። እኔ ዛሬ ድምፁን ነው የሚያውቀው እላለሁ።

በአክስቴ ግቢ እኛ ልጆች ይህንኑ እንጫወተው ነበር። አመድ በመሬት ላይ እንበትንና ወንዝ እናደርገዋለን። አንዱ የእንስሳ ስም ይጠራል፤ የሚሻገረው ልጅ ቃሉን መልሶ እንደ እንስሳው እየሆነ ያልፋል። የተሳሳተ ይቀመጣል። እንቁራሪት ላይ ስንደርስ ሁልጊዜ ጠብ ይነሣል፤ የመልካው ሰዎችም በእሷ አይስማሙም ነበርና። ጨዋታው ገብቶኝ ስለነበር አንድ ዓመት ከተማ ስመለስ ፈተና ላይ አሳፍሮኛል። «ሦስት የሚዋኙ እንስሳትን ጥቀሱ» ይላል ጥያቄው። እኔ «የሚዋኝ እንስሳ የለም» ብዬ ጻፍኩ። መምህራችን ወረቀቴን ከፍ አድርጎ ለክፍሉ አነበበው። የሳቁት ልጆች ሳቅ እስካሁን ጆሮዬ ላይ ነው።

መልካው ላይ ቃል ብቻ ሳይሆን ሕግም ነበር። ጭነት ከተፈታ ጀምሮ የመጨረሻው እንስሳ እስኪወጣ ማንም ሰጠመ የሚለውን ቃል አያነሣም። ማንም አይቀመጥም፤ እሳት አይነድም፤ ጭነት አይጫንም። ሁሉም ቆሞ ይጠብቃል። ምክንያቱም ተራ ነው። ውሃ ውስጥ ያለ እንስሳ አንገቱ ብቻ ነው ከላይ ያለው፤ የት እንደሚሄድ የሚያውቀው ዳር ላይ የቆመ ሰው ሲያይ ነው። ሰው ከተቀመጠ ዳሩ ይጠፋበታል። ዳር የጠፋበት እንስሳ ደግሞ ጉልበት እያለው እንኳ ይተዋል። ውሃው እንስሳ ከወሰደ፣ ወሰደው ብሎ ሰውን የሚያሰናብተው ባለቤቱ ነው። ባለቤቱ ካላለ አባ ሁሴንም ቢሆኑ አይሉም።

አንድ ዓመት ከአባቴ ጋር ስንመለስ ውሃው ጎድሎ ነበር። አንዱ ዋናተኛ እኔን በአቁማዳ አሻግሮኝ በእኛ በኩል ካለው ዳር እስከ አንገቴ ርሼ ቆሜያለሁ። የአባቴ በሬዎች እየገፉ ወጡ። የአንድ ነጋዴ አህዮች እየለመኑ ወጡ። በመጨረሻ የቀረችው አንዲት ቀላ ያለች በቅሎ ናት፤ ሸጊት ትባላለች። ባለቤቷ ከእኔ ትንሽ ከፍ የሚል ልጅ ነው፤ ኮርቻዋን ታቅፎ አጠገቤ ቆሟል። አባቱ ሞቷል። እናቱ ከቆላ እህል አስጭና መካነ ሰላም ገበያ እያስወጣች የምትኖረው በዚያች በቅሎ ነው፤ በዚያ ዓመት እሷ ስለታመመች እሱ ከጎረቤት ነጋዴዎች ጋር ወርዷል። ይመር ማለት እሱ ነው።

ሸጊት ገባች። ሁላችንም ቀዘፈች! ቀዘፈች! እያልን ነው። የወንዙ መሀል ላይ ስትደርስ አባ ሁሴን ፊታቸውን ወደ ላይኛው ወንዝ አዞሩ። እኔ ምንም አልሰማሁም ነበር። «ደራሽ!» ብለው ጮኹ። ደጋው ላይ የዘነበ ዝናብ ነው፤ እኛ ጋ ፀሐይ ነበር። ውሃው ቀለሙን ቀይሮ፣ ግንድ ተሸክሞ፣ እንደ ግድግዳ መጣ። የሸጊትን ሁለት ጆሮዎች ከአረፋው በላይ አየሁ። ከዚያ ከትልቁ ድንጋይ ወዲያ ያለው መታጠፊያ ወሰዳቸው።

 ሁሉም ቆሟል።

«ገና ትቀዝፋለች» አለ ይመር።

አባ ሁሴን አዩትና «ባለቤቱ አንተ ነህ?» አሉት።

«አዎ፣ አባ።»

የአህዮቹ ነጋዴ ሳቀ። «ይህ ጩጬ ነው ባለቤቱ? ስማ አንተ፣ በቅሎህ እስካሁን አባይ ገብታ ምስር አገር ልትደርስ ነው። በል ቃሉን በልና እንሂድበት!»

«ምላስህን ሰብስብ» አሉት አባ ሁሴን። «የሰው ንብረት ውሃ ላይ ነው። አህዮችህ ሲለምኑ የቆመልህ ማን ነበር?»

ነጋዴው ዓይኑን ወደ ውሃው መለሰ። ቆምን። ከዋናተኞቹ አንዱ ዳር ዳሩን ሮጦ ታች ድረስ አይቶ መጣና ራሱን ነቀነቀ። ይመር እሱን አላየውም። «ገና ትቀዝፋለች» አለ እንደገና፤ ድምፁ ግን አሁን ለእኛ ሳይሆን ለራሱ ነበር። ዝናቡ እኛም ዘንድ መጣ። ውሃው እየሞላ ሲመጣ ወደ ኋላ እያፈገፈግን እንቆማለን። አባቴ የራሰ ጋቢውን ጣለልኝ፤ ብርዱን ጨመረብኝ እንጂ አልጠቀመኝም። እሳት የለም። መቀመጥ የለም። የከብቱ ጀርባ ይጤሳል። ትልልቅ ሰዎች፣ ነጋዴዎች፣ ሁሉም አንድ ልጅ ቃል እስኪናገር ይጠብቃሉ። እኔ ልጁን ነው የማየው። ኮርቻውን እንደ ሕፃን አቅፎታል፤ አፉ ይንቀሳቀሳል፤ ቀዘፈች፣ ቀዘፈች ይላል።

ዞር ብሎ አየኝ።

«በርዶሻል?»

«አልበረደኝም።»

«ጥርስሽ ይሰማኛል እኮ።»

መንጋጋዬ አልታዘዝ ብሎኝ ነበር። እንደገና ወደ መታጠፊያው አየ። ብዙ ቆየ። ከዚያ እንደ ትልቅ ሰው ጮክ ብሎ፣ «ውሃው ወሰዳት። ተቀመጡ» አለ።

ሰው ሁሉ ባለበት ተቀመጠ። አንዳንዱ እንደወደቀ ነበር የተቀመጠው። አባ ሁሴን ወደ እሱ ሄደው ራሱ ላይ እጃቸውን ጫኑና «አብሽር ልጄ» አሉት። ደረቅ እንጨት ከዋሻ አውጥተው እሳት አነደዱ። ነጋዴው ከስንቁ ቆሎ አውጥቶ በሁለት እጁ ለይመር ሰጠው። ይመር ተቀብሎ ለእኔ ሰጠኝ። እሱ ብቻ አልተቀመጠም።

ዳገቱን ከእኛ ጋር ወጣ። አባቴ ኮርቻውን በሬ ላይ እንጫነው ቢለው «በሬ ኮርቻ አይለምድም» ብሎ እምቢ አለ። በራሱ ተሸክሞት ሄደ። ከኋላው ስሄድ የነበረው ሽታ አሁንም አለ፤ የራሰ ቆዳ፣ የበቅሎ ላብ። ያን ዓመት ትምህርት ቤት አልተመለሰም። እናቱ የምትጭነው ስላልነበራት እሱ ጫነ። ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ አቋርጦ፣ ስንት ጊዜ ጀምሮ የከብት ሐኪም ሆነ። ተጋባን፤ ወለድን፤ አብረን ሸበትን።

አንድ ጊዜ ጠይቄዋለሁ፤ ከተጋባን በኋላ ነው። ቃሉን ያልከው ተስፋ ስለቆረጥክ ነው ወይ አልኩት።

«እኔ?» አለኝ። «አልቆረጥኩም። አንቺ ስለበረደሽ ነው ያልኩት።»

እውነቱን ነበር። ለሥራ አጅባር ገበያ ሲሄድ፣ አቀስታ ሲሄድ፣ ቀላ ያለች በቅሎ ካየ ጠጋ ብሎ ጆሮዋን ያያል። ሸጊት የግራ ጆሮዋ ጫፍ ትንሽ የተቀደደ ነበር። በቅሎ የቱንም ያህል ብትኖር ይህን ያህል እንደማትኖር ከእሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረም፤ ሥራው ነውና። ያውቃል፤ ያያል። እኔም ስቄበት አላውቅም።

አሁን ሳሉ አልለቅ ብሎት ወደ ወሰድነው ደሴ ሆስፒታል ልምጣ፤ መጻፍ የፈራሁት እሱን ነው።

ሐኪሙ ልቡ ደክሟል አለን፤ ልቡ ስለደከመ ሳንባው ውሃ ይዟል። ውሃውን በመርፌና በኪኒን ይቀንሱታል፤ ተመልሶ ይመጣል። ትራስ ደራርበን ቀና አድርገን ካላስደገፍነው መተንፈስ አይችልም። አፍንጫውን ወደ ላይ ቀስሮ አየር ሲፈልግ አንድ ቀን በመከራው ውስጥ አየኝና «እንደ አህያ ለመንኩ፣ አይደል?» አለኝ። «አንተ ትቀዝፋለህ» አልኩት። ፈገግ ለማለት ሞከረ።

እኔ ከአልጋው ግርጌ ቆሜ ነበር። ነርሷ ወንበር አመጣችልኝ፤ አልተቀመጥኩም። «እማማ፣ እግርዎ አብጧል እኮ፤ እባክዎ ይቀመጡ» ትለኛለች። ቁጭ ካልኩ አልጋው ላይ ካለበት ሆኖ አያየኝም ነበር። ይህን ለእሷ እንዴት እንደማስረዳ አላውቅም። ዓይኑን በገለጠ ቁጥር እኔ እዚያ ቆሜ እንዲያገኘኝ ነው የፈለግሁት። ሲመሽ ኮሪደር ላይ ያሉ አስታማሚዎች «ይህች ሴትዮ አትቀመጥም እንዴ?» ሲባባሉ እሰማለሁ። ሐኪሙ ወደ ጎን ወስዶኝ ከዚህ በላይ የምናደርገው የለም፣ ቤታችሁ ብትወስዱት ይሻላል፣ እናንተ ወስኑ አለኝ። ገና ነው አልኩት። ዘመዶች መጡ፤ ይወሰድ አሉኝ። ገና ነው አልኳቸው። ውስጤ የሚለው ገና ይቀዝፋል ነበር። የጥንቱ ልጅ ያለው ሁሉ በእኔ አፍ ይመጣል።

ከሰዓት በኋላ ነው፤ መስኮቱ ላይ ዝናብ ነበር። ዓይኑን ገለጠ። ብዙ አየኝ። እግሬንም አየ።

«በርዶሻል» አለ።

«አልበረደኝም።»

«ባለቤቱ እኔ ነኝ፣ የሺዬ።» በእያንዳንዱ ቃል መሀል ያርፋል። «እኔ ነኝ የምለው።»

«እንዳትል» አልኩት።

«ውሃው ወሰደው። ተቀመጪ።»

ተቀመጥኩ። እጁን ያዝኩ። ከዚያ በኋላ አልተናገረም፤ ሲነጋ አረፈ።

ቀብሩ ላይ የመጣው ሰው ብዙ ነበር፤ መስጊድ ሰፈሩም ቤተ ክርስቲያን ሰፈሩም አንድ ላይ ነው የቆመው። ሁሉም አብሽሪ ይሉኛል። እሺ እላለሁ። ድንኳኑ ፈረሰ፤ ሰው ወደ ቤቱ ገባ። ልጆቻችን ወደ ሥራቸው ተመለሱ፤ ማታ ማታ ይደውላሉ።

ባለፈው ሳምንት ለአክስቴ ልጅ ለቅሶ ወደ ማዶ ወርጄ ነበር። አሁን ወለቃ ላይ ድልድይ አለ። ሚኒባሱ ሙዚቃውን እንደከፈተ በደቂቃ አሻገረን። በሬዎቹ በአይሱዙ ተጭነው ነው የሚያልፉት፤ በአጠገባችን አለፉ፤ አንዱም ውሃ አልነካም። አጠገቤ የተቀመጠችውን ተማሪ ከድልድዩ በታች ያለውን ቦታ ስም ጠየቅኳት። «ስም አለው እንዴ?» አለችኝ በትሕትና። አባ ሁሴን ከሞቱ ብዙ ዘመን ሆኗል፤ ልጆቻቸው የት እንደገቡ የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም። ዳር ላይ ቆሞ የሚጠብቅ የለም፤ የሚጠበቅም የለም። ይህ ለሰውም ለከብትም የተሻለ ነው፤ ሸጊት ዛሬ ብትሆን በአይሱዙ ወጥታ ገበያዋን ትውል ነበር። ግን እንቁራሪት ምን እንደምታደርግ የሚከራከረኝ በዚህ አገር አንድም ሰው አልቀረኝም። አሁን እሱ ትክክል ነበር ብል እንኳ የሚደሰት የለም። እኔም ልጅ ሆኜ እዚያ ዳር የቆምኩትን ያህል ዛሬ ማንም ሰው ምንም ነገር ሲጠብቅ አላይም። ያኔ ብርድ ነበር፤ ሰው ግን ቆሞ ነበር።

ከዚያ ከተመለስኩ በኋላ በርሜሉ ውስጥ አንዲት እንቁራሪት ሞታ አገኘሁ። እንጨቷ ወድቃ ነበር፤ ሳላያት ቀርቻለሁ። ውሃውን ደፋሁት።

ለበርሜሉ ከአሸንዳው በታች ብቻ የተበሳ የቆርቆሮ ክዳን አሠርቻለሁ። ጠዋት ክዳኑን አነሣለሁ፤ በጆግ እቀዳለሁ፤ መልሼ እከድነዋለሁ።